ዳር ዳሩን እዪ

ሰኞ፣ 42 ቀን ሲቀር

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። ዛሬ ጠዋት ቶሎ ቡድኑን ሰብስቦ ቀኑን ነገረን። ልክ በስድስተኛው ሳምንት ሰኞ፣ የዓይን ሆስፒታሉ ኃላፊዎች መጥተው ከዓይን ፎቶ በሽታ የሚለየው የኮምፒውተር ሞዴላችን ሲሠራ ያያሉ። ከወደዱት የዓይን ሐኪም ወደሌለባቸው አሥራ ሁለት ጤና ጣቢያዎች ይገባል። ቶሎ አለቃዬ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ እኛ ግን ከአፉ ከማይጠፋው ቃል ቶሎ አልነው። ያውቃል፣ ደስም አይለውም፣ ግን ለመቆጣት እንኳ ጊዜ የለውም። ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔን አስቀርቶ፣ "ይሄ ካለፈ የቡድን መሪዋ አንቺ ነሽ" አለኝ። ልቤ ዘለለች፤ ፊቴን ኮስተር አድርጌ "እሺ" አልኩ። እኔ ነኝ ያለች!

ደብተሩን የገዛሁት ግን ለሹመቱ አይደለም። አርባ ሺህ የዓይን ፎቶ አይቼ ዛሬም እንደ መጀመሪያው ቀን እጄን በአፌ ስለጫንኩ ነው። የሰው ዓይን ከውስጥ ብርቱካንማ ሜዳ ነው፤ በላዩ ላይ ቀያይ ደም ሥሮች ይፈሳሉ፤ ሁሉም የሚነሱት ከአንዲት ቢጫ ክብ ነው። ነርቩ እሷ ናት። ሰው በዕድሜው ያየው ሁሉ፣ የእናቱ ፊት፣ የሰፈሩ መንገድ፣ የተጣላው ሰው ግልምጫ ሳይቀር፣ ከምስር ፍሬ ባነሰች ክብ በኩል ነው ወደ አንጎሉ የሚገባው። ይሄ አያስደንቅም? ግላኮማ የሚሉት በሽታ ደግሞ ያቺን ክብ ከመሃሏ እየቦረቦረ ይበላታል። ሰውየውን አያመውም። ፊት ለፊት ያለውንም ያያል፤ የሚጨልምበት ከዳር ከዳር ነው። ሲያውቅ አልፎበታል። የእኛ ማሽን ከዚያ በፊት እንዲያውቅለት ነው ይሄ ሁሉ ድካም።

ረቡዕ፣ 40 ቀን

ሞዴሉ ከመቶ ፎቶ ዘጠና ሰባቱን በትክክል ለየ! ሁለቴ አስኬድኩት። ዘጠና ሰባት። ቶሎ ጠረጴዛ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ምሳ አልበላሁም፤ አልራበኝምም።

ቅዳሜ፣ 37 ቀን

አብሬው የምኖረው ታላቅ ወንድሜ ጋሼ የሚነዳውን አውቶቡስ የቀኝ መስታወት ሰበረ። በሁለት ወር ሦስተኛው ነው።

"ሞተረኞቹ ናቸው!" ይላል። "ከመሬት ነው እኮ የሚበቅሉት። ቀና ስል የለም፣ ዞር ስል አፍንጫዬ ሥር ነው።"

"ዓይንህን ታየው ብዬሃለሁ" አለች እትዬ፣ ሚስቱ። ይህን ካለች ወር ሆኗታል። ለሐሙስ ዓይን ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዛለታለች።

"የእኔን ዓይን? ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ የነዳሁበትን ዓይን?" ብሎ ሲነሳ ትከሻው ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። "ይሄ በር ደግሞ ከቀን ወደ ቀን ይጠባል" አለ። ሳቅን።

ትንሿን የእጅ ካሜራ ለሙከራ ይዤ መጥቼ ስለነበር፣ "ና ቁጭ በል፣ ክርክሩን እኔ እፈታዋለሁ" አልኩት። ቀጥ ብሎ ወደ ብርሃኗ እንዲያይ አድርጌ ሁለቱንም ዓይኖቹን ፎቶ አነሳኋቸው። ሞዴሉ ሁለት ሰከንድ አልፈጀበትም። ጤነኛ፤ እርግጠኝነቱ ከመቶ ዘጠና ስምንት። ጋሼ ተነስቶ አጨበጨበ። "በወረቀት ጻፊልኝ" አለ። ጻፍኩለት፣ ፈረምኩበት፤ ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። እትዬ ወረቀቱን ቆማ አንብባ፣ "ማሽኑ እንዲህ ካለ እንግዲህ..." ብላ ስልኳን አነሳችና ቀጠሮውን ሰረዘች።

ለእሱ አንድ ነገር በማድረጌ ኮራሁ። ዕዳዬን ማን ያውቃል? ሰዎች እዚህ ሙያ በየት ገባሽ ሲሉኝ የተማርኩበትን ቦታ እጠራለሁ። እውነቱ ጋሼ ነው። የጀመርኩት ከታች፣ ከታችም ታች ነው። ኮምፒውተር ላይ የመንገድ ፎቶ ይመጣል፤ እኔ በእያንዳንዱ ነገር ዙሪያ በማውዝ ሳጥን እሥላለሁ። መኪና፣ ሰው፣ ሞተር፣ ሰው። በቀን ስምንት መቶ ፎቶ። ማሽኑ መንገድ ማየት እንዲማር አንድ ሰው መጀመሪያ ጣቱን መቀሰር አለበት፤ ያ ጣት እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ግማሹ "ያልታየ ነገር አለ" እየተባለ ተመለሰብኝ። አንድ ምሽት ጋሼ ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። "እዚያ ጥግ ላይ፣ ከቆሻሻ መኪናው ኋላ፣ የሞተር ጎማ አለ" አለኝ። እኔ አላየሁትም ነበር። "መሃሉንማ ማንም ያየዋል። ገዳዩ ያለው ዳር ነው። ዳር ዳሩን እዪ።" አንድ ወር ሙሉ እንዲህ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የተመለሰብኝ ፎቶ የለም ማለት ይቻላል። ከሳጥን ሣይነት ወደ አራሚነት፣ በማታ ትምህርት ሒሳብና ፕሮግራም፣ ከዚያ ጠርሙስ ፋብሪካ ስንጥቅ የሚለይ ካሜራ፣ ከዚያ እዚህ። ግን ማየት ያስተማረኝ እሱ ነው።

ማክሰኞ፣ 34 ቀን

ስብሰባ። ስብሰባ። ቶሎ የማሳያውን ስላይድ ሦስቴ አስቀየረኝ። ዘጠና ሰባቱ በትልቁ ይጻፍ አለ። ተጻፈ። የበለጠ ይተልቅ አለ።

አርብ፣ 31 ቀን

ዛሬ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ሲስተር ክፍል ዋልኩ። ሲስተር ሠላሳ ዓመት የሰው ዓይን ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ ነርስ ናቸው። ሞዴላችን የተማረባቸው ፎቶዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ከእሳቸው እጅ የወጡ ናቸው። ቀጭን ናቸው፣ ቶሎ ቶሎ አይናገሩም፣ ካሜራውን በየጠዋቱ እንደ ሕፃን ፊት ይጠርጉታል።

አንድ ሰውዬ ገና በሩ ላይ እያለ "ይሄኛው ነርቩ ነው" አሉኝ በሹክሹክታ። ፎቶው ተነሳ፣ የሆስፒታሉ የዓይን ሐኪም ዶክተሯ አዩት፤ ነርቩ ነው። ቀጥሎ አንዲት ወጣት ገባች፤ "ደህና ናት፣ መነጽር ብቻ ነው።" ልክ። ስድስት ሰው፣ ስድስቱንም ገና ሳይቀመጡ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

"እንዴት አወቁ?"

"ልጄ፣ ሰው ሲገባ አላይም እንዴ?" አሉ። "ነርቩ የተጎዳ ሰው ትከሻው መቃኑን ይነካል። ወንበሩን በእጁ ነው የሚፈልገው። ስትጠሪው ዓይኑን ብቻ አይደለም፣ አንገቱን ሙሉ ነው የሚያዞርልሽ። ይሄ ትምህርት አይደለም፤ መቀመጥ ነው። ሠላሳ ዓመት ብትቀመጪ አንቺም ታውቂዋለሽ።"

እኔ አርባ ሺህ ፎቶና አንድ ክፍል ሙሉ ኮምፒውተር ይዤ የምለፋበትን፣ እኚህ ሴት ከበሩ ላይ ያዩታል! ሰው መሆን እንዴት ያለ ነገር ነው! እራት ላይ ለቤቱ ሁሉ አወራሁት። ጋሼ፣ "እኚህ ሴትዮ ትራፊክ ፖሊስ ቢሆኑ ኖሮ አልቆልን ነበር" አለ። ውሃ ሲቀዳልኝ ከብርጭቆው ውጭ አፈሰሰው፤ እየሳቅን ስለነበር ነው። እትዬ ብቻ አልሳቀችም። ጨርቅ አምጥታ ጠረገች።

ሰኞ፣ 28 ቀን

ጋሼ ዛሬ ሰው ሊገጭ ነበር። ከፌርማታ ሲነሳ አንዲት ሴት ከቀኝ በኩል ገባች፤ ተሳፋሪ ጮኾ ነው ያስቆመው። አንድ ክንድ ቢቀር ነው። ቤት ሲገባ ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር። "አልነበረችም እኮ" ይላል። "አልነበረችም።" ድካም ነው። ሁለት ፈረቃ ነው የሚሠራው፣ እረፍት ያስፈልገዋል። ዓይኑ እንደሆን ታይቷል፤ ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ አለ። እኔም ደክሞኛል።

ሐሙስ፣ 25 ቀን

ከአንድ ጤና ጣቢያ ሁለት መቶ አዳዲስ ፎቶ መጣ። ያነሳቸው ጀማሪ ነርስ ነው። ዶክተሯ ከመካከላቸው ሠላሳ አንድ የታመሙ ሰዎች ለዩ። የእኛ ሞዴል ያገኘው አራት። አራት!

ቶሎ፣ "የፎቶ ጥራት ነው፤ ጀማሪ ነው ያነሳው፤ አውጫቸውና እንቀጥል" አለ።

ፎቶዎቹ ጥርት ያሉ ናቸው።

ቅዳሜ፣ 23 ቀን

ቢሮ ብቻዬን ነበርኩ። ሞዴሉ ሲወስን የፎቶው የት ቦታ ላይ እንዳተኮረ በቀለም የሚያሳይ ዘዴ አለን፤ ያተኮረበት ይቀላል። ነርቩ ውስጥ ያለው ጉድጓድ ይቀላል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አልቀላም። የቀላው የፎቶው መሃል ነው፤ ነርቩ እዚያ ኖረም አልኖረም። አንድ የጤነኛ ዓይን ፎቶ ወሰድኩና ነርቩ መሃል ላይ እንዲመጣ ወደ ጎን ገፋሁት። "ታሟል" አለ። አንድ የታመመ ወስጄ ነርቩን ወደ ዳር ገፋሁት። "ጤነኛ" አለ። ሃያ ጊዜ ሞከርኩት። ሃያ ጊዜ ያው።

ሲስተር ጋ ደወልኩ። በካሜራው ውስጥ በሽተኛው እንዲያያት የምትበራ አረንጓዴ ነጥብ አለች፤ ዓይን ወደሄደችበት ይሄዳል። ስለ ነጥቧ ጠየቅኋቸው።

"የሁሉንም ቀጥ አድርጌ ነው የማነሳው" አሉ። "የጠረጠርኩት ሰው ከሆነ ግን ነጥቧን ወደ አፍንጫው በኩል ገፋ አደርጋታለሁ። ያኔ ነርቩ መሃል ይመጣል፣ ዶክተሯም በደንብ ያዩታል። ምነው ልጄ፣ ጥፋት አለው እንዴ?"

"የእርስዎ ጥፋት የለበትም" አልኩ። ስልኩን ዘጋሁት።

መጀመሪያ ሳቅኩ። በባዶ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅኩ። ማሽኑ በሽታ ማየት አልተማረም፤ ሲስተርን ማየት ነው የተማረው። ዘጠና ሰባቱ የእሳቸው ነው። ከበሩ ላይ ያዩት ነገር ወደ ጣታቸው ወርዶ፣ ከጣታቸው ወደ አረንጓዴዋ ነጥብ፣ ከነጥቧ አርባ ሺህ ፎቶ ውስጥ ገብቶ ተሸሸገ። ማንም አልነገረው፣ ማሽኑ ግን አገኘው። ማን ነው ይበልጥ የሚያስደንቀው፣ እሳቸው ወይስ እሱ? እኔ እንደሆንኩ አላስደንቅም። እኔ ስላይድ ሳተልቅ ነበር።

ከዚያ ሳቁ አለቀ። ለአዲስ ተቀጣሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት የማስተምረው ስህተት ነው እኮ ይሄ!

እሁድ፣ 22 ቀን

ዝናብ። ልብስ አጠብኩ። መጽሐፎቼን አራገፍኩ። እትዬ "ቀዝቃዛ ውሃ አምጪልኝ" ስትለኝ የቧንቧውን ቀዳሁላት፤ ፍሪጁ በኩል አልሄድኩም። ነገ ለቶሎ እነግረዋለሁ። መጀመሪያ የሥራውን። አንድ በአንድ።

ሰኞ፣ 21 ቀን

ነገርኩት። በሩን ዘጋና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

"ማን ያውቃል?"

"አንተና እኔ።"

"እንግዲያው ስሚኝ። ማሳያው ላይ የሲስተርን ፎቶ ብቻ እናሳይ። ካለፍን በኋላ ተረጋግተን እናስተካክለዋለን። ሦስት ዓመት የለፋንበትን በሦስት ሳምንት እናፍርሰው ነው የምትዪኝ? መሪነቱን አልፈልግም ነው የምትዪኝ?" ክፉ ሰው አይደለም።

"ላስብበት" አልኩት።

ላስብበት! ምኑን ነው የማስበው? አፈርኩብሽ፣ አንቺ ሴትዮ! ከሠላሳ አንድ በሽተኛ ሃያ ሰባቱን "ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ" ብሎ ወደ ቤታቸው የሚሰድ ማሽን ነው። ሃያ ሰባት ሰው ደስ ብሎት፣ ቀጠሮውን ሰርዞ፣ ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ወረቀቱን ይዞ።

ማክሰኞ፣ 20 ቀን

የጋሼን ፎቶ ከፈትኩት። ነርቩ ከዳር ነው። እኔው ራሴ ቀጥ አድርጌ ነዋ ያነሳሁት። ማሽኑ የእሱን ዓይን አላየም፤ ያየው የእኔን እጅ ነው። ነርቩን አጉልቼ አየሁት። መሃሉ ሰፍቷል። ሰፍቷል ወይስ ፈርቼ ነው? አርባ ሺህ አይቻለሁ እያልኩ የማወራ ሰው፣ በማውቀው ሰው ዓይን ላይ ደንቆሮ ሆንኩ።

ከዚያ ይህን ደብተር ወደኋላ ገለጥኩት። መስታወቱ። መቃኑ። ከብርጭቆው ውጭ የፈሰሰው ውሃ። ሴትዮዋ። ሁሉንም ጽፌዋለሁ፤ በገዛ እጄ፣ በጥሩ ጽሕፈት። የሲስተርን ቃል በጻፍኩበት ገጽ ላይ፣ ከሥሩ፣ ስለ ውሃው ጽፌ "እየሳቅን ስለነበር ነው" ብያለሁ።

ማታ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አነሳሁት። ጋሼ አየኝ።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ተሳስቻለሁ፣ ጋሼ። ማሽኑ አያይም። ነገ እንሂድና በደንብ ትታይ።"

"አንቺው ደህና ነህ አልሽ፤ አሁን ደግሞ አንቺው ታመሃል ትያለሽ?"

"ታመሃል አላልኩም። አላውቅም ነው ያልኩህ። ያኔም አላውቅም ነበር፤ ግን ፈረምኩበት።"

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ወደ እትዬ ዞሮ፣ "ሴትዮዋን አላየኋትም" አለ ቀስ ብሎ። "አልነበረችም ያልኳችሁ፣ ነበረች። አላየኋትም።" እትዬ እጁን ያዘችው። ስልኩን አነሳና ለተረኛ አዛዡ ነገ አውቶቡስ እንደማይይዝ ነገረው።

ረቡዕ፣ 19 ቀን

ለሲስተር ምንም አልነገርኳቸውም። ወንድሜን ፎቶ ያንሱልኝ ብቻ ነው ያልኩት። ካሜራው አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ።

ጋሼ ገባ። ትልቅ ሰው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ለቀልድ የተዘጋጀ። ትከሻው መቃኑን ነካ። ወንበሩን በእጁ ፈለገው። ሲስተር "እንደምን አደሩ" ሲሉት አንገቱን ሙሉ አዞረ። ሲስተር ወደ እኔ ዞር አላሉም። አገጩን ማሳረፊያው ላይ አስተካከሉለት፣ ግንባሩን በመዳፋቸው ደገፍ አደረጉት፣ "አረንጓዴዋን ይዩልኝ፣ እሷን ብቻ" አሉት። ከዚያ ያ ሠላሳ ዓመት የለመደ ጣታቸው ነጥቧን ወደ አፍንጫው በኩል ገፋ አደረጋት።

በክፍሉ ውስጥ ሌላ ማንም ምንም አላየም። እኔ አየሁት። ግድግዳውን ያዝኩ።

ፎቶው ስክሪኑ ላይ መጣ። ብርቱካንማው ሜዳ፣ ደም ሥሮቹ፣ ነርቩ መሃል ላይ። የሞተር ጎማውን ያየው ዓይን ይሄ ነው። ዳር ዳሩን እዪ ያለኝ በዚህ ውስጥ እያየ ነው። እንደዚህ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም፤ መሃሉ ተቦርቡሮ ጠርዙ ብቻ ቀርቷል።

ዶክተሯ የነገሩን፦ ቀኙ ብዙ ሄዷል፣ የሄደው አይመለስም። ግራውም ጀምሮታል፤ እሱ ግን ይያዛል፤ ጠብታ በየቀኑ፣ ሳይዘለል፣ ዕድሜ ልክ። "ምነው ቀደም ብላችሁ አልመጣችሁም?" ብለው ጠየቁ። እትዬ እኔን ላለማየት ወለሉን አየች። "ሥራ በዛ" አለ ጋሼ። ለእኔ ሲል ዋሸ።

ሐሙስ፣ 18 ቀን

ቶሎ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። በአንደኛው ሥር ሞዴሉ "ጤነኛ" ብሏል፤ በሁለተኛው "ታሟል"።

"የአንድ ሰው ዓይን ነው" አልኩት። "የመጀመሪያውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ሁለተኛውን ሲስተር።"

"የማን ነው?"

"የወንድሜ።"

ሁለቱን ፎቶዎች ደጋግሞ አያቸው። ለሆስፒታሉ ስህተቱን የምናሳውቅበትን ደብዳቤ አብረን ጻፍነው። ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ አንድ ጊዜ እንኳ ቶሎ በይ አላለኝም።

ሰኞ፣ ቀኑ

ማሳያ የለም። ሆስፒታሉ "ሲስተካከል ንገሩን" ብሎ በሁለት መስመር መልሷል። ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምረናል፤ ነጥቧን ማንም አይነካትም፣ የታመመም ጤነኛም በአንድ ዓይነት ይነሳል። ሲስተር ለጀማሪዎቹ ነርሶች ሰው ከበሩ ሲገባ እንዴት እንደሚታይ ያስተምራሉ። እኔም ከኋላ ቁጭ ብዬ እማራለሁ። የመሪነቱን ነገር ማንም አላነሳውም። ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያዎቹን መቶ ፎቶዎች እንደ ድሮዬ በእጄ ምልክት አደረግሁባቸው።

ከሰዓት ጋሼን ለክትትል ወሰድኩት። በአውቶቡስ ሄድን። ሃያ ሁለት ዓመት ነድቶ በተሳፋሪ ወንበር ሲቀመጥ ዛሬ የመጀመሪያው ነው። እኔ በመስኮቱ በኩል፣ በቀኙ ተቀመጥኩ። ሹፌሩን ትንሽ አማው፤ ፍሬን አያያዙ አልተዋጠለትም። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

"በቀኝ በኩል ምን አለ?" አለኝ።

"ሞተር፣ ቀይ፣ ሁለት ሰው ጭኗል። ጃንጥላዋን የምትዘጋ ሴት። የቆመ ታክሲ፣ በሩ ክፍት ነው። አንድ ሽማግሌ ሊሻገሩ ነው፤ አይ፣ ተዉት። የቆሻሻ መኪና።"

"ከኋላውስ?"

አንገቴን አስግጌ አየሁ።

"የሞተር ጎማ" አልኩት።

"ጎበዝ" አለኝ፤ ጉልበቴን መታ መታ አደረገው። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅሁትም፤ በዚያ በኩል ስለሆንኩ አላየውም። እስክንወርድ ድረስ መንገዱን ሁሉ ነገርኩት፤ አንድም አላስቀረሁበት።